በሩን ስከፍተው ከተማው ይወድቃል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ ዋርክራፍት 3 ማፕ ኤዲተር ናቸው። በተለይ ማፑ ላይ ለጌጥ የሚቀመጡ ነገሮችን በትሪገር ስለ ማዘዝ። ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልበል። ዋርክራፍት 3 በፈረንጆች 2002 የወጣ የስትራቴጂ ጌም ነው፤ ፍሮዝን ስሮን የሚባለው ተጨማሪው በዓመቱ ተከተለ። ከጌሙ ጋር ዎርልድ ኤዲተር የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። የራስህን ማፕ ትሠራበታለህ። በየጌም ቤቱ ስንቱን ጓደኛ ያኳረፈው ዶታ መጀመሪያ የተሠራው በዚሁ ኤዲተር ነው። ትሪገር ደግሞ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ «ይህ ሲሆን» የሚለው ክፍል ኢቨንት፣ «ይህን አድርግ» የሚለው አክሽን ይባላል። ሌላውን ከጥያቄዎቹ ጋር እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልህ ከሐረር ነው። ጁገልን ማፕ ላይ እየሠራሁ ነው። ግንቡን ዙሪያውን አጥሬዋለሁ። አምስቱንም በሮች አስገብቻለሁ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ጠላት አንዱን በር ከሰበረ ተጫዋቹ እንዲሸነፍ ትሪገር ሠራሁ። ጠዋት በሮቹ እንዲከፈቱ፣ ማታ እንዲዘጉ ሌላ ትሪገር ጨመርኩ። አሁን ጉዱን ስማ። ሊነጋ ሲል በሩ ይከፈታል፣ ወዲያው «ተሸንፈሃል» ይለኛል። አንድም ጠላት በአካባቢው የለም። ኮምፒውተሬ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ በ«ጋሼ» ጀምረህ በ«አንተ» መቀጠልህን ወድጄዋለሁ። እዚህ ድሬም ያው ነን።

አቦ፣ ኮምፒውተርህም ደህና ነው፣ አንተም ደህና ነህ። ነገሩ ያለው ጌሙ በር መክፈትን በሚያይበት መንገድ ላይ ነው። በዋርክራፍት 3 በር «ዲስትራክቲብል» ከሚባለው ወገን ነው። ላይፍ አለው፣ ይመታል፣ ይፈርሳል። ለበር ሦስት ትእዛዝ ተሰጥቶሃል፦ ክፈት፣ ዝጋ፣ አፍርስ። ሲያዩአቸው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይመስላሉ። ከውስጥ ግን «ክፈት» እና «አፍርስ» ሁለቱም በሩን ይገድሉታል። የሚለያዩት በሚያሳዩት አኒሜሽን ብቻ ነው። አፍርስ ስትለው «ዴዝ» የሚባለው ይታያል፣ በሩ ይሰባበራል። ክፈት ስትለው «ዴዝ ኦልተርኔት» የሚባለው ይታያል፣ በሩ ተከፍቶ ይቆማል። ዝጋ ስትለው ደግሞ የሞተውን በር ላይፉን መልሶ ያስነሳዋል።

አንተ የመሸነፊያውን ትሪገር ያሰርከው «ይህ ዲስትራክቲብል ሲሞት» በሚለው ኢቨንት ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ በገዛ እጅህ አምስት በር ትገድላለህ። ትሪገሩ የታዘዘውን ፈጸመ።

መፍትሔው አጭር ነው። አምስቱን የመሸነፊያ ኢቨንቶች በአንድ ትሪገር ውስጥ ሰብስባቸው። በመክፈቻው ትሪገር ላይ፣ ከበሮቹ በፊት፣ ያንን ትሪገር አጥፋው። በሮቹን ክፈት። ከዚያ ትሪገሩን መልሰህ አብራው። መሀል ላይ «ዌይት» የሚባለውን አክሽን አታስገባ። አያስፈልግም፣ ትእዛዞቹ በተራ ነው የሚፈጸሙት። ዌይት የሚያበዛ ማፕ ሠሪ ቆይቶ የት ቦታ ምን እንደጠበቀ ራሱም አያውቀውም።

ግን አንድ ነገር ላንሣብህ። በሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ጠላት ሊሰብረው አይችልም። የሞተ በር ደግሞ አይሞትም። ቀኑን ሙሉ ሠራዊቱ በሸዋ በር በኩል ሰተት ብሎ ቢገባ ተጫዋችህ አይሸነፍም ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በር ውስጥ በኩል ሪጅን፣ ማለትም የተከለለ ቦታ፣ ሥራና «የጠላት ዩኒት (ወታደር ወይም ሌላ የሚታዘዝ አካል) ወደዚህ ሪጅን ሲገባ» የሚል ኢቨንት ጨምር። እኔን ብትጠይቀኝ የበር መሰበርን ሙሉ በሙሉ ትቼ በዚህ ብቻ ነበር የምሄደው። ከተማ የሚወድቀው ጠላት ሲገባ ነው።

ስለ ግንቡም ልንገርህ፣ ሳትጠይቀኝ። ግንቡን በምን እንደሠራኸው አልነገርከኝም። ላይፍ በሌለው ጌጥ፣ ማለትም በዱዳድ ከሆነ ማንም አያፈርሰውም፣ ጥሩ ነው። በዲስትራክቲብል ከሆነና «በዚህ ሪጅን ውስጥ ያለ ዲስትራክቲብል ሲሞት» በሚለው ኢቨንት ልትከታተለው ካሰብክ ተጠንቀቅ። ያ ኢቨንት በሪጅኑ ውስጥ የሚቆጥረው የመጀመሪያዎቹን 64 ብቻ ነው። 65ኛው ድንጋይ ቢፈርስ ትሪገሩ አይሰማም። የጁገልን ግንብ የሚያህል ነገር በ64 አያልቅም፤ ሪጅኑን ቆራርጠው።

ከግንቡ ሥር ያሉትን የጅብ ቀዳዳዎች ካልረሳህ ደግሞ የምር የሐረር ልጅ ነህ። ሌሊት ጅቡ በቀዳዳው እንዲገባ፣ ወታደር ግን እንዳይገባ ለማድረግ ትሪገር አያሻም። የነገሮች ባሕርይ በሚቀየርበት በኦብጀክት ኤዲተር የጅቡን «ኮሊዥን ሳይዝ»፣ ማለትም መሬት ላይ የሚይዘውን ስፋት፣ ዝቅ፣ የወታደሩን ከፍ አድርግ። በግንቡ መሀል ጠባብ ክፍተት ተው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ዞሮ በር ይፈልጋል። ሞክረውና ሲገባ አይተህ ሳቅ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምክ? የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከመገላ ነው። ለማፔ መንደር ሠርቻለሁ፤ በየደጃፉ ፋኖስ አለ። ፋኖሶቹ ዱዳድ ናቸው። ትሪገር ውስጥ ልመርጣቸው ስል ዝርዝሩ ላይ የሉም። ዩኒት አለ፣ ዛፍ አለ፣ ፋኖስ የለም። ወንድሜ በሪጅን አድርጎ ሞከረልኝና ሠራ። ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ ይብሩ ብለን 12 ብንጽፍ በጠራራ ፀሐይ በሩ። ደግሞም ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚበሩት። እኔ የፈለግሁት የአንዲት ሴትዮ ቤት ፋኖስ ብቻ ሳይበራ እንዲቀር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ሰዓቱን እንጨርሰው። የጌሙ ሰዓት የፈረንጅ ነው። 12.00 ማለት እኩለ ቀን ነው፣ የኛ 6 ሰዓት። ማታ 12 ሰዓት ማለት የፈለግሽው 18.00 ነው። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ 6.00። ጌሙ ራሱ ቀንና ሌሊት የሚለየው በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ነው፣ ተመችቶሻል። አንድ ሙሉ ቀን 480 ሰከንድ፣ 8 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ፋኖሶችሽ የሚበሩት ለ4 ደቂቃ ብቻ ነው። ለታሪክሽ ካጠረሽ «ጌም» ከሚለው ምድብ የሰዓቱን ፍጥነት በመቶኛ ቀንሺው።

አሁን ወደ ዋናው። ዱዳድ ለትሪገር ስም የለውም። ዩኒትን «ይሄኛው» ብለሽ መጠቆም ትችያለሽ። ዲስትራክቲብልንም ትችያለሽ። ዱዳድን ግን ትሪገር የሚያገኘው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በዓይነቱና በቦታው። መገላ ውስጥ ቤት እንደመጠቆም ነው። የቤት ቁጥር ማን ያውቃል? «እዚያ ጋ፣ አረንጓዴ በር ያለው» ትያለሽ። አረንጓዴ በሮች ሦስት ከሆኑ ሦስቱም ይንኳኳሉ።

ሴትዮዋን የምናድናት እዚህ ላይ ነው። ኤፍ6 ተጭነሽ ኦብጀክት ኤዲተርን ክፈቺ። ዱዳድ የሚለው ክፍል ግቢ። ፋኖሱን ኮፒ አድርገሽ ፔስት አድርጊው። መልኩ ያው ነው፣ ለኤዲተሩ ግን አዲስ ዓይነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ዲ የሚጀምር የራሱ ኮድ ይሰጠዋል። ኮዱን ማየት ከፈለግሽ ኮንትሮልና ዲ ተጫኚ። የሴትዮዋን ፋኖስ አጥፍተሽ በቦታው አዲሱን ዓይነት ትከዪ። ትሪገርሽ «የመጀመሪያውን ዓይነት አብራ» ሲል የሷ ሳይነካ ይቀራል። ታሪኩ ሲደርስ ደግሞ የሷን ብቻ ለይተሽ ታበሪዋለሽ።

ትሪገሩን በጽሑፍ ለሚሠሩ ሌላ መንገድ አለ። ሴት ዱዳድ አኒሜሽን የሚባለው ፈንክሽን ቦታ፣ ስፋትና ዓይነት ይቀበላል። ከዚያ «በጣም ቅርብ የሆነውን ብቻ» የሚል አዎ ወይም አይ አለው። አዎ ካልሽው አንዱን ብቻ ይነካል። ለአንድ ፋኖስ ብለሽ ወደዚያ አትግቢ፣ ኮፒው ይበቃሻል።

ማብራትና ማጥፋቱስ? ወንድምሽ ምን እንዳደረገ አልነገርሽኝም። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ዱዳድ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ የጠፋ ፋኖስ፣ ሌላው የሚነድ። «አኒሜሽን» በሚለው ምድብ ውስጥ በሪጅን ውስጥ ያሉ ዱዳዶችን የሚያዝ አክሽን አለ። የአኒሜሽኑ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ሃይድ ብለሽ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ትጽፊያለሽ፤ ዱዳዱ ይሰወራል። ሾው ስትይ ይመለሳል። ሁለቱ በሞዴሉ ውስጥ የተቀረጹ አኒሜሽኖች አይደሉም፣ ጌሙ ራሱ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለድንጋይም፣ ለአበባም፣ ለፋኖስም ይሠራሉ። በ18.00 የጠፋውን ሰውሪ፣ የሚነደውን አሳዪ። በ6.00 ገልብጪው። ማፑ ሲጀመር የሚነዱት እንዳይታዩ ደግሞ ጌሙ ከተጀመረ 0.10 ሰከንድ ላይ አንዴ ሰውሪያቸው።

ከሴትዮዋ ታሪክ ምን እንደሚሆን ግን ጻፊልኝ። እኔም ጓጉቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከፊራ ገበያን የመሰለ ገበያ ሠራሁ። ሲመሽ ድንኳኖቹና ቅርጫቶቹ እንዲሰወሩ አደረግሁ። ይሰወራሉ። ግን ዩኒቶቹ ባዶውን ሜዳ አያልፉም፤ የማይታየውን ድንኳን እየዞሩ ይሄዳሉ። ጅን አለ እንዴ?

መልስ፦ ጅን የለም፣ ፓዚንግ ነው፤ የት እንደሚታለፍና የት እንደማይታለፍ የሚወስነው። ሃይድ የሚሰውረው መልኩን ብቻ ነው። ዱዳዱ መሬት ላይ የያዘው «እዚህ አይታለፍም» የሚል ምልክት ግን ካርታው ላይ እንደታተመ ይቀራል። ዱዳዱ ሲሰወር አብሮ አይነሣም።

ስለዚህ መከልከሉን ከዱዳዱ ላይ ውሰድና ለሌላ ስጥ። በኦብጀክት ኤዲተር የድንኳኑን «ፓዚንግ ቴክስቸር» ባዶ አድርገው። አሁን ድንኳኑ መልክ ብቻ ሆነ። ከሥሩ «ፓዚንግ ብሎከር» የሚባለውን አስቀምጥ። እሱ አይታይም፣ ወገኑ ግን ዲስትራክቲብል ስለሆነ ትሪገር ያዘዋል። ማታ «በዚህ ሪጅን ውስጥ ያለውን ዲስትራክቲብል ሁሉ አስወግድ» ትላለህ፣ ጠዋት መልሰህ ትፈጥራለህ። በሪጅኑ ውስጥ ዛፍ ካለ አብሮ እንዳይጠፋብህ በዓይነቱ ለይ። ጠዋት ብሎከሩ የሚፈጠርበት ቦታ ላይ የቆመ ዩኒት ካለም አስቀድመህ ገለል አድርገው።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ አምደኛ። ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሰው ነኝ፤ ድሮ ሽማንደፈር እንባል ነበር። የልጅ ልጄ የድሮዋን ድሬን ማፕ እየሠራ ነው፤ ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ሲገባ የነበረችውን። እኔ የጣቢያውን አቀማመጥ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይሠራል። የባቡር ሞዴል ከኢንተርኔት አውርዶ ዱዳድ አድርጎ ሀዲዱ ላይ አስቀመጠው። ያምራል። ግን አይንቀሳቀስም። ዱዳድ አይሄድም ይለኛል። የማይሄድ ባቡር ምን ይሠራል?

መልስ፦ አባባ፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም ቢባልም እርስዎን «አንተ» ለማለት እጄ አልታዘዘም። ልጁ ልክ ነው። ዱዳድ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። በጌሙ መሀል አዲስ መፍጠርም፣ ማጥፋትም፣ ማዞርም አይቻልም። እርስዎም ልክ ነዎት፤ የማይሄድ ባቡር ሐውልት ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከዱዳድነት ይውጣና ዩኒት ይሁን።

ልጁ እንዲህ ያድርግ። አንድ ተራ እግረኛ ዩኒት ኮፒ ያድርግና «ሞዴል ፋይል» የሚለው ላይ የባቡሩን ሞዴል ያስገባ። ጥቃቱን ያጥፋ፣ ጥላውን ያንሳ፣ ኮሊዥኑን 0 ያድርግ። ከዚያ «ሎከስት» የሚባለውን አቢሊቲ ይጨምርለት። ሎከስት ያለው ዩኒት በማውስ አይመረጥም፣ ማንም አይመታውም፣ የላይፍ መስመር አይታይበትም። ተጫዋቹ ባቡር ያያል እንጂ ዩኒት አያይም። ባለቤቱን «ኒውትራል ፓሲቭ»፣ ማለትም ለማንም የማይወግን፣ ያድርገው።

እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ዩኒት ይሁን። እያንዳንዱም በቫሪያብል፣ ማለትም ስም በተሰጠው መያዣ፣ ይያዝ። ሎከስት ያለበትን ዩኒት «በዚህ ሪጅን ያሉትን ዩኒቶች ሁሉ» በሚለው ፍለጋ ማግኘት አይቻልም። በቫሪያብል ካልያዘው ፉርጎው ዓይኑ እያየ ይጠፋበታል።

ለማስኬድ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ዩኒቱን «ወደዚያ ነጥብ ሂድ» ማለት ነው። ለአንድ ሎኮሞቲቭ ይበቃል። ፉርጎ ሲቀጠል ግን ክፍተቱ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፤ እርስዎ ይህን ቢያዩ ዓይንዎ አይቀበለውም። ስለዚህ ሁለተኛውን እመክራለሁ። በየ0.03 ሰከንዱ የሚሠራ ትሪገር ይሥራና የእያንዳንዱን ፉርጎ ቦታ በኤክስና በዋይ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይግፋው። ሁሉም እኩል ስለሚገፉ ባቡሩ አይላላም። «ወዲያው አዛውር» የሚለውን የተለመደ አክሽን ግን አይጠቀም። ያ አክሽን ነጥብ ይፈልጋል። የተፈጠረው ነጥብ በትእዛዝ ካልተወገደ ሚሞሪ ውስጥ ይቀራል። በሰከንድ 33 ጊዜ ገደማ፣ በፉርጎ ሁሉ ሲሆን ጌሙ እያዘገመ ይሄዳል። በኤክስና በዋይ ከሠራው ነጥብ የሚባል ነገር አይፈጠርም።

ጣቢያው፣ ሀዲዱ፣ የሻንጣ ክምሩ፣ ሰዓቱ ዱዳድ ሆነው ይቅሩ። የሚሄደው ብቻ ዩኒት ይሁን። ማፑን ሁሉ በዩኒት የሚሞሉ ልጆች አሉ፤ እያንዳንዱ ቅርጫት ዩኒት። እዚያ ማፕ ላይ ኮምፒውተሩ እንደ ድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ይተኛል።

ለጭሱ ደግሞ «ስፔሻል ኢፌክት» ይጠቀም። ከፈረንጆች 2018 ወዲህ በመጡት ዝመናዎች ኢፌክትን በትሪገር ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ማዞር፣ መጠኑን መቀየር ተችሏል። ይህ ብዙ ነገር ቀይሯል። ማንኛውንም የዱዳድ ሞዴል በኢፌክትነት ጠርተው ያስቀምጣሉ፣ ሲፈልጉ ያጠፋሉ። ኢፌክቱ መንገድ አይዘጋም፣ አይመረጥም። ዛሬ በጌሙ መሀል የሚፈጠር ጌጥ ካስፈለገኝ ከዩኒት በፊት የማስበው እሱን ነው።

የፉርጎዎቹን ቅደም ተከተል ግን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል። ልጁን አይልቀቁት።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። እዚያም ጌጥ በትሪገር አይነካም ወይ?

መልስ፦ እዚያ ይነካል። በዚያ ኤዲተር ሐውልቱም፣ ባንዲራውም፣ ፍርስራሹም እንደ ማንኛውም ኦብጀክት ይቆጠራል። ባለቤቱን ጋያ፣ ማለትም የማንም ተጫዋች ያልሆነ፣ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ። ትሪገር ውስጥ በማውስ ትመርጠዋለህ፣ ወይም ሜዳ ከልለህ «በዚህ ክልል ያለውን አስወግድ» ትላለህ። «ክሪኤት ኦብጀክት» በሚለው መልሰህ ታመጣዋለህ። አኒሜሽን ማዘዝ ላይ ግን ዋርክራፍትን አትጠብቅበት። ስታርክራፍት 2 ላይ የሚሠሩ ካላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ዱዳድ «አክተር» ነው፤ መጠኑንም አኒሜሽኑንም በመልእክት ታዙታላችሁ። እሱ ራሱን የቻለ ዓምድ ይፈልጋል፣ ጥያቄ ከመጣ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ ስትልኩ ስለ የትኛው ጌም እንደሆነና የተጠቀማችሁበትን ኢቨንት ጻፉ። «ትሪገሬ አልሠራም» ብቻ ብሎ የጻፈልኝ የለገሃር ሰፈር ልጅ፣ አንተን ነው።